አረንጓዴው ካርቶን

በዱሉት፣ ከሐይቁ ዳር፣ በቀይ ጡብ በተሠራው ቤት
ሰው የሚገባው በወረፋ ነው፤ የእኔ ወረፋ ስድስት ዓመት።
ደብዳቤው የመጣ ዕለት ለመክፈት እጄ ፈራ፤
እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ሁለት ቀን አደረ ከጨው ዕቃው ጋራ።
ከጡረታዬ ሲሶው ለቤቱ፣ ሁለት እጁ ለእኔ፣
አንድ መኝታ፣ አንድ ምድጃ፣ ሐይቅ የሚያሳይ መስኮት ለዓይኔ።
«ራሱን ችሎ የሚኖር» ይላል ያስፈረሙኝ ወረቀት፤
ፈረምኩ። ራስንስ ማን ቻለው፣ ካልተሸከመው አንገት?

ሕጉ ብዙ አይደለም፤ ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን
እጀታው ላይ ማንጠልጠል ነው አረንጓዴውን ካርቶን፣
ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት ማንሳት። ይኸው ነው በቃ።
ካርቶኑ ከተነሳ፣ ያ ሰው በሰላም ነቃ።
ካልተነሳ ማርሊስ ትመጣለች፣ የስልሳ በር ቁልፍ ታጥቃ።
መታጠቢያ ቤትም ቀይ ገመድ አለ፣ የወደቀ የሚስበው፤
ኦርቪል ግን ካልሲ ማድረቂያ ነው ያደረገው።

ከግድግዳዬ ወዲያ ቨርና አለች፣ አራተኛው ፎቅ ላይ፣
ሠላሳ አንድ ክረምት የተማሪ አውቶቡስ ነድታ
ዛሬም ያለ መስታወት ኋላዋን የምታይ።
ኤልዊን ሁለተኛው ፎቅ ነው፤ ወደብ ላይ ማዕድን ሲጭን ኖረ፣
በጡረታው ይዞ የመጣው ቀጭ ቀጭ የሚል ጉልበት ነበረ።
እንዳይጋቡ የከለከለ ሰው የለም፤ የከለከለው ሒሳብ ነው፤
ቨርና የምትኖርበት የሟች ባሏ የባቡር ጡረታ ነው፤
ያገባች ዕለት ይቋረጣል።
«አንድ ባል ሁለቴ አልቀብርም» አለችው።

ስለዚህ ማታ ካርቶኑን ከበሩ ያንጠለጥላል፣
እንደ ጨዋ ሰው ሳል ሳል ብሎ መብራቱን ያጠፋል፣
ከዚያ በካልሲ፣ በጨለማ፣ ሁለት ፎቅ ይወጣል።
ሊነጋጋ ሲል ይወርዳል፣ ካርቶኑን ሊያነሳ።
ጉልበቱን እሰማለሁ፤ የሰማሁትን ትራሴ ይርሳ።

ከዚያ መጣ ያ የጥር ማለዳ፣ ሐይቁ ጢስ የሚተነፍስበት፣
የተፉት ምራቅ መሬት ሳይደርስ ጠጠር የሚሆንበት።
አራት ሰዓት። አራት ከአሥር።
ሁለት መቶ ሰባት ቁጥር በር ላይ
ካርቶኑ እንደ ማታው ነው። ማርሊስ ቁልፏን ስትፈታ ስናይ
ሁላችን ወረድን፣ በመኝታ ልብስ፣ በምርኩዝ፣
ጥርሱን ከብርጭቆ ያላወጣም ነበር።
አልጋው እንደ ተነጠፈ ነው። ኦርቪል ቆቡን አነሳ፤
አንዷ ማልቀስ ጀመረች፣ ገና ሳይገኝ ሬሳ።
እኔ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን
ወደ ጣሪያው ቀና ሲል ተያዘ።

ያኔ ሊፍቱ ተከፈተ፤ ኤልዊን፣ በቨርና ሮዝ ካባ፣
ፀጉሩ እንደ ጫጩት ቆሞ፣ ወደ መካከላችን ገባ።
ማርሊስ እሱን አየች። ወረቀቷን አየች፤
«የነዋሪ ብዛት፦ አንድ» ይላል።
ኮሪደሩ ሙሉ ትንፋሹን ይዟል።
«አምፖል ልትቀይርላት ነው የወጣኸው?» አለች ቆይታ።
«አዎን፣ አምፖል» አለ፣ መቀነቱን ጠበቅ አድርጎ በዝግታ።
«ከባድ አምፖል ነበር?»
«ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ።» ቨርና ከሊፍቱ ውስጥ ሳቀች፤
ማርሊስም መዝገቧን ገልጣ «አምፖል» ብላ ጻፈች።

ከዚያ ወዲህ በእኛ ሕንፃ
አምፖል የማይቃጠልበት ሳምንት የለም።

የእኔ አምፖሎች ደህና ናቸው፤ ሁሉም ይበራል።
ግን አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ሰው ሲያረጅ ነውር ይቀለዋል።
በአሥራ ሁለት ሰዓት ነቅቼ፣ ለብሼ፣ ቁርሴን በልቼ፣
ካርቶኑን አላነሳም። ወንበሬን ከበሩ አስጠግቼ
ለአራት ሩብ ጉዳይ እስኪሆን፣ ጆሮዬን ሰጥቼ
እቀመጣለሁ።
የማርሊስ ጫማ ከሊፍቱ ይወጣል፣
ይቀርባል፣
በሬ ላይ ሲደርስ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆማል።
የቆመው ለእኔ ነው።
ያኔ እጄን አውጥቼ ካርቶኑን እስባለሁ፣
«አለሁ» እላታለሁ።
«አለሁ።»